አምስት ዓመት ጠብቅ ያለኝ ማን ነው?

በዲቪ ቨርጂኒያ እንደገባሁ ኮሌጅ ልመዝገብ ብል ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ግሪን ካርድህ አምስት ዓመት ካልሞላው የመንግሥት እርዳታ አታገኝም» አለኝ። እኔም አምኜ አንድ ዓመት ሙሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ከረምኩ።

ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የአምስት ዓመቱ ገደብ በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ እንደ ሜዲኬይድ ላሉ እርዳታዎች የተደነገገ ነው፤ ያው ሕግ የፌዴራል የተማሪ እርዳታን ከገደቡ ውጪ አድርጎታል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላውን መስፈርት ካሟላ በመጣ በማግስቱ ፋፍሳ መሙላት ይችላል። የሚያስጠብቀው ሌላ ነው፦ በቨርጂኒያ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት በጥቅሉ 12 ወር መኖር ያስፈልጋል። ሰዉ ሁለቱን እያምታታ ነው የሚያወራው።

ፎርሙም የዋዛ አይደለም፤ የሁለት ዓመት በፊት ገቢ ይጠይቃል። እኔ ያኔ አዲስ አበባ በብር ነበር ደመወዜ! ወደ ዶላር ሲመነዘር የሚያሳፍር ቁጥር ወጣው፤ ለእርዳታው ግን የጠቀመኝ እሱው ነው።

ጥፋቱን በሰፈር ወሬ ብቻ አላላክክም። የጠየቅኋት የምዝገባ ሠራተኛም «እርግጠኛ አይደለሁም» ብላ ነው የሸኘችኝ። ዲፓርትመንታችን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አማርኛ የሚችል አንድ ተማሪ እዚያ ቢያስቀምጥ ምን ይጎዳዋል? ሰው ከጠፋ እኔ እቀመጣለሁ።