«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አክስቴ ነው።

ባለፈው የፍልሰታ ጾም ሰንዳፋ የሚኖሩት አክስቴ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። ዕድሜያቸው 72 ነው፤ ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ 14 ዓመት ሆኗል። ቤት ስገባ ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሳሎን ተቀምጠው አየት አደረጉኝና «ማን ነሽ ልጄ?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ልጃቸው ወደ ጓዳ ጠርታኝ «እማዬን ሰሞኑን እንዲህ ነው የሚያደርጋት። ነገር ትረሳለች፣ ትነጫነጫለች። ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» አለችኝ።

ተመልሼ እጃቸውን ስይዝ ይንቀጠቀጣል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በነሐሴ የሰንዳፋ ብርድ ማንን ያልበዋል? መሳቢያ ውስጥ የነበረውን መለኪያ አወጣንና ጣታቸውን ወጋን፤ 48 አለ። ስኳር በጥብጠን አጠጣናቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው «አንቺ፣ መቼ መጣሽ?» ብለው በስሜ ጠሩኝ።

ለካ በየማለዳው የስኳር ክኒናቸውን ይውጣሉ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ክኒኑ ስኳሩን ሲያወርድ የሚተካው ምግብ የለም። እርጅና ያልነው ረሃብ የያዘው አንጎል ነበር።

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ሰውነታችን አርፎ ሳለ ከሚጠቀመው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል፤ ዋና ምግቡም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ነው። ስለዚህ ስኳር ሲጎድል ቶሎ የሚናወጠው እሱ ነው። ይህ የቀኑ ችግር ነው። የዓመታቱ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ሳይንቲስቶች የደረሱበትም ቀስ በቀስ ነው።

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚወጣ ሆርሞን ነው። እንደ ቁልፍ ብታስቡት፣ በሴሎቻችን ላይ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ይህም የኢንሱሊን ተቀባይ ይባላል። ቁልፉ ሲገባ ጡንቻና ስብ ስኳርን ከደም ይወስዳሉ። አንጎል ግን አብዛኛውን ስኳሩን ያለ ኢንሱሊን ስለሚያገኝ፣ ኢንሱሊን እሱን አይመለከተውም ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ያና ሃቭራንኮቫ የተባለች ተመራማሪ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከጄሲ ሮትና ከማይክል ብራውንስታይን ጋር የአይጥን አንጎል ስትመረምር፣ እነዚያ ተቀባዮች በየቦታው ተሠራጭተው አገኘቻቸው። በብዛት የታዩት ሽታን በሚለየው የአንጎል ክፍል ነው።

ታዲያ እዚያ ምን ይሠራሉ? በ2000 ቦስተን የሚገኘው የሮናልድ ካን የምርምር ቡድን በአንጎላቸው ውስጥ ብቻ ተቀባዩ የሌላቸውን አይጦች አጠና። አይጦቹ ወፈሩ፤ በተለይ ሴቶቹ ምግብ አበዙ። አንጎል ኢንሱሊንን የሚያዳምጠው ለስኳር ብቻ ሳይሆን ጥጋብንም ለማወቅ ነው ማለት ነው። ተቀባዮቹ ትውስታን በሚይዘው የአንጎል ክፍልም ይገኛሉ።

በ2005 ደግሞ ሱዛን ዴ ላ ሞንቴ የምትመራው ቡድን በአልዛይመር የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ኢንሱሊኑም ተቀባዮቹም ቀንሰው አገኘ። አልዛይመርን «ሦስተኛው ዓይነት ስኳር» እስከማለትም ተደረሰ። ሐኪሞች ይህን ስም እንደ በሽታ መጠሪያ አልተቀበሉትም፤ አልዛይመር ሌሎች ምክንያቶችም አሉትና። ዝምድናው ግን አለ። በ1999 በሆላንዷ ሮተርዳም ከ6,000 በላይ አረጋውያንን የተከታተለ ጥናት፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ሊሆን ጥቂት እንደሚቀረው አሳይቷል። ስኳሩ ክፉኛ እየወረደ ሆስፒታል የገቡ አረጋውያንም ኋላ ላይ ለመርሳት በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ በ2009 የወጣ ጥናት ገልጿል። ከፍ ማለቱም ዝቅ ማለቱም ደግ አይደለም።

መድኃኒቱስ? ኢንሱሊንን በአፍንጫ በመንፋት ትውስታን ለመመለስ ተሞክሯል። በ2012 የወጣ ትንሽ ሙከራ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በ2020 የወጣው ሰፋ ያለው ሙከራ ግን ጥቅም አላሳየም። እንግዲህ «የመርሳት መድኃኒት አለኝ» የሚል ሻጭ ሲመጣ ኪሳችሁን ያዝ አድርጉ።

በእጃችን ያለው ሥራ ቀላል ነው። ስኳር ያለባቸው ወላጆቻችን ድንገት ሲደናገሩ፣ ሲያልባቸው፣ ሲንቀጠቀጡ ወይም ያለወትሯቸው ሲቆጡ መጀመሪያ እንለካ። ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያም ከሌለ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን እናጠጣና ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግመን እንይ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳንጨምር ወደ ጤና ጣቢያ እንሩጥ። ጾም ወይም ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን «መድኃኒቱን እንዴት እናድርገው?» ብለን እንጠይቅ፤ በራሳችን ግን አናቋርጥ። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል፤ ይህም ያስረሳል፣ ግን ይታከማል። መርሳቱ ስኳሩ ደህና ሆኖም ከቀጠለ ለሐኪም ይነገር።

አክስቴ ጾሙን ተዪ መባሉን እንዴት ይቀበሉታል ብዬ ፈርቼ ነበር። የንስሐ አባታቸው ግን «ለታመመ ሰው ሥርዓት አለው፤ ቁርስዎን ይብሉ፣ በሌላው ይጹሙ» አሏቸው። ሐኪማቸውም ክኒኑን ለወጡላቸው።

አንድ ነገር ግን አልወጣልኝም። ሰንዳፋም ሆነ ሰበታ፣ ቡራዩም ሆነ ሱሉልታ፣ የብዙዎቻችን ኑሮ አንድ ነው። ልጆች በጠዋት ታክሲ ይዘው አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ። ቀኑን ከአያት ጋር የሚውለው የልጅ ልጅ ነው። የአክስቴ የልጅ ልጅ ገና አሥር ዓመቱ ነው። ያን ዕለት ልለየው ስል «እኔ እኮ እማማ ስታልባት በየቀኑ አያት ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም» አለኝ።

አሁን ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ መለኪያውንም ይዞታል። እናንተስ ቤት ማን ያውቃል?

ሰላም ሰንብቱ።