ሀርድ ዲስክም ጨነቅ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል

ጨነቅ ከባህር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ እዚያ ሲደርስ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሁሉም ያውቃል። ላፕቶፑም እንደሚቸገር ግን የሚነግረው የለም።

ቀልድ አይደለም። የአብዛኞቹ ባለ ተሽከርካሪ ሀርድ ዲስኮች መግለጫ ላይ የሥራ ከፍታ ወሰን ተጽፏል፦ 3,048 ሜትር። ምክንያቱ አየር ነው። ውስጡ ያለው ሳህን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን አይነካም፤ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት አየር ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። ዲስኩ በትንሽ ቀዳዳ ከውጭ አየር ጋር ይገናኛል። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ሳህኑ ይጠጋል፤ ከነካው ይፍቀዋል፣ የተፋቀው ደግሞ አይመለስም። በሂሊየም የታሸጉ ዲስኮች አሉ፣ ግን የትልልቅ የመረጃ ማዕከላት ናቸው እንጂ ላፕቶፕ ውስጥ አይገቡም።

ዳባትና ደባርቅ ከወሰኑ በታች ናቸው። ሳንካበር ግን አልፎታል፣ ጨነቅማ ጭራሽ! ዲስኩ በደረሰበት ቀን ይሞታል አላልንም። አምራቹ ዋስትና ከማይሰጥበት ቦታ ላይ የዋልያ ቆጠራ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የአስጎብኚ ፎቶ ማስቀመጥ ግን ለምን?

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። መረጃውን በቺፕ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙላት ይይዛል። አየር ቢሳሳ፣ መኪናው ቢንገጫገጭ ግድ የለውም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገራችን ተማሪዎች የታደለችው ኤክስኦ ላፕቶፕ እንኳ 1 ጊጋባይት ፍላሽ ብቻ ይዛ መጣች እንጂ ሀርድ ዲስክ አልነበራትም። የሠሯት ሰዎች የት እንደምትሄድ አስበውበታል። የእኛ ግዢ ክፍሎች ግን ዛሬም የሚጠይቁት «ስንት ጊጋ ነው?» ብቻ ነው።

«ርካሽ ነው» ይሉናል። እውነት ነው፣ በጊጋባይት ሲሰላ ባለ ሳህኑ ይረክሳል። ግን ሪፖርትና ሠንጠረዥ ለሚጽፍ ሠራተኛ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይተርፈዋል።

ኤስኤስዲንም አናመልከውም። አሮጌው ዲስክ ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያለ ያስጠነቅቃል፣ ለመገልበጥ ፋታ ይሰጣል። ኤስኤስዲ ድንገት ዝም ሊል ይችላል፤ ያለ ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ተቆልፎበት ከቆየም የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ ተራራ የሚወጣው ኤስኤስዲ ይሁን፣ ባለ ሳህኑ ደግሞ ደባርቅ ቁምሳጥን ውስጥ ቅጂ ይያዝ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ መስመር ነው፣ እሱም ከመጪው ግዢ በፊት።