ትግሉ ይቀጥላል፣ በጭምብልም ቢሆን

ትግል ስል ደንግጣችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። የዛሬው ትግል መግለጫ አይወጣለትም፣ መዋጮም አይጠየቅበትም። ሁለት ሰዎች በገመድ በታጠረ መድረክ ላይ የሚተናነቁበት ትግል ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተወስኖ ያደረ ነው፣ ተመልካቹም ይህንኑ እያወቀ ይጮኻል። «ታዲያ ከዚያኛው በምን ተለየ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ቃሉ ግን ከእኔ አፍ አልወጣም።

ነገሩ የኮሪያ ፊልም ነው። ኮሪያ ሲባል ለእኛ ቶሎ ትዝ የሚለን እ.ኤ.አ. በ1951 የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ነው። ያኔ በጦርነት የነደደችው አገር ዛሬ በፊልሟ ዓለምን ታስቃለች፣ ታስለቅሳለች። ይህን «የፋውል ንጉሥ» የተሰኘ ኮሜዲ ኪም ጂ ዉን አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ አቀረበው። መሪ ተዋናዩ ሶንግ ካንግ ሆ ነው፤ በ2020 የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት በወሰደው «ፓራሳይት» ላይ ድሃውን አባወራ ሆኖ የተጫወተው ሰው።

እዚህ ፊልም ላይ ግን ዴ ሆ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነው። ጠዋት ያረፍዳል፣ ሥራው አይሆንለትም። አለቃው ደግሞ ተግሣጽ አይበቃውም፤ አንገቱን በብብቱ ቆልፎ ያንቀዋል። ፊልሙ የወጣበትም ጊዜ ክፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ኮሪያ የዓለም የገንዘብ ድርጅትን ደጅ ጠንታ፣ ስንቱ ከሥራው ተፈናቅሎ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ አለቃ ሲያንቅ ማን ይናገራል?

ይህንን ለእናንተ ማብራራት አያሻኝም። በየፓርኪንጉ፣ በየነዳጅ ማደያውና በየሆቴሉ ጓዳ አንገታችን የተያዘ ብዙዎች ነን። የያዘን እጅ አይታይም እንጂ ማነቁንስ ያንቃል።

ዴ ሆ ወደ አንድ ያረጀ የትግል ማሠልጠኛ ጎራ ይላል። ጀግና ልሁን አላለም፤ ከዚያ ክንድ እንዴት እንደሚያመልጥ ብቻ ማወቅ ይፈልጋል። አሠልጣኙ በመጀመሪያ ይመልሰዋል። ኋላ ግን ፋውል እየሠራ ሕዝቡን የሚያናድድ ታጋይ ሲፈለግ ተቀብሎ ጭምብል ያጠልቅለታል። በዚህ ሙያ ከሌላው ሁሉ በፊት የሚማሩት አወዳደቅን ነው፤ አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ በሰፊው ጀርባ ማረፍ። እናም ዴ ሆ ቀን ቀን ባንክ ቤት አቀርቅሮ ይውላል፣ ማታ ማታ ይወድቃል፣ ይነሣል።

እኔን ያነጋገረኝ ጭምብሉ ነው። ፊቱ ሲሸፈን ደፋር ነው፣ ሲገለጥ ያው የባንኩ ምስኪን። እኛም ጭምብል አናጣም። በብዕር ስም የሚጽፍ አለን። ሳምንቱን ሙሉ «የስ ሰር» ሲል ሰንብቶ ቅዳሜ ቡና ቤት ውስጥ እንደ አንበሳ የሚያገሣም አለን። በጭምብል አልፈርድም። አገር ቤት እናትና ወንድም ያለው ሰው ስሙን ቢሸሽግ ፈሪ አይባልም። ዴ ሆም ጭምብሉን ባያጠልቅ ኖሮ ጉልበት እንዳለው ሳያውቅ ባረጀ ነበር።

ነገር ግን የሚያንቀው ሰው ያለው ባንኩ ውስጥ ነው፤ መድረኩ ላይ አይደለም። በትልቁ ግጥሚያ ጭምብሉ ሲቀደድ፣ አስቀድሞ የተመከረው ሁሉ ይቀርና የምር ድብድብ ይሆናል። እስከዚያች ደቂቃ ስስቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሳቄን ዋጥኩት። በባዶ ፊቱ ሲታገል ያየሁት ያኔ ነውና።

ከአለቃው ጋር የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ እዩት። ኮሪያዎቹ ግን በአንድ ቡጢ ዓለም ተስተካከለ ብለው አልዋሹንም። መድረክ ላይ የለመዱትን ድፍረት ሰኞ ጠዋት ይዞ ሥራ መግባት ከባድ ነው፤ እኛም ገና እየተለማመድነው ነን።