ስለ ፒዛና ስለ ቂጣ

ለትምህርት ቤት መጽሔት ስለ ምግብ መጻፍ የሚያንስ ጉዳይ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ሰው በሚበላው ነገር ሲኮራና ሲያፍር ብናየው፤ ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ እናውቃለንና ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዳንድ ጓደኞቼ ከተጂ ወደ ሰበታ ሄደው ፒዛ በልተው ተመለሱ። በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ወሬው ሁሉ ስለዚያ ሆነ። የበላው እንደ ሠለጠነ፤ ያልበላው እንደ ኋላ ቀር ተቈጠረ። እኔ በዚያን ቀን አያቴ የጋገረችልኝን፤ በርበሬና ቅቤ የተቀባች ቂጣ ይዤ ነበር። ሰው እንዳያያት በደብተሬ ሸፈንኋት፤ ሳልበላትም ወደ ቤት መለስኋት። አያቴ «ምነው ልጄ፤ አሞሃል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ዕፍረት ነው።

ለመሆኑ ፒዛ ከወዴት መጣ? በኢጣልያ አገር ናፖሊ በምትባል የወደብ ከተማ የድኾች ምግብ ነበር። የቀን ሠራተኛው በጥቂት ሳንቲም ከመንገድ ገዝቶ፤ ቆሞ በልቶ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። እንግዲህ ፒዛና ቂጣ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱንም በዱቄት፤ በውኃና በእሳት የፈጠራቸው የድኻ እጅ ነው። ናፖሊ ግን በድኻዋ እንጀራ አላፈረችም። በ2010 ዓ.ም. ዩኔስኮ የፒዛ ጋጋሪዎቿን ጥበብ በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ጻፈላት።

ወደ እኛ አገር የኢጣልያ ምግብ የተስፋፋበት ዘመን ግን የሰላም ዘመን አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል የሆነው የኢጣልያ መንግሥት ከ40 ዓመት በኋላ፤ በ1928 ዓ.ም.፤ ተመልሶ አዲስ አበባን ያዘ። ፒያሳና ካዛንችስ የሚባሉት የሰፈር ስሞች የዚያ ዘመን ቅሬታ ናቸው። መርካቶም የተባለው፤ ነጭና ጥቁር ተለይቶ እንዲኖር ሲባል የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በተወሰደ ጊዜ ነው። ፉርኖ፤ ፓስታ፤ መኮሮኒና ሳልሳ የሚሉትን ቃላት ዛሬ ሮማን በሕልሟም ያላየች እናት እንደ አማርኛ ትናገራቸዋለች። ነገር ግን በዚያው ዘመን፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፤ በአዲስ አበባ ያለቀውን ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ያህል አድርጎ ቈጥሮታል። በእኛም በኩል፤ በወሊሶ አካባቢ፤ ገረሱ ዱኪ አርበኞችን እየመራ ይዋጋ ነበር። «የወጋ ቢረሳ፤ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ አባቶቻችን።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኀይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ፤ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ከኢጣልያኖቹም አንዳንዶቹ በመኪና ጠጋኝነት፤ በግንበኝነትና በምግብ ቤት ሥራ እዚሁ ቀርተው ከሕዝቡ ጋር ኖሩ። በፒያሳ ለብዙ ዓመታት ስሙ ሲጠራ የኖረው የካስቴሊ ምግብ ቤት ከነዚህ አንዱ ነው።

«እንግዲያስ የጠላትን ምግብ ስለ ምን እንበላለን?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ የምሰጠው መልስ፤ ምግብ በደል የለበትም የሚል ነው። ያለ እርሱ ወጥ አይሠራም የምንለው በርበሬ እንኳ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው። ፒዛን ያቀላው ቲማቲምም እንደዚሁ ነው። ማንም ሕዝብ ከሌላው ሳይወስድ ማዕዱን አልሞላም። የአዲስ አበባ ሰውም የተቀበለውን እንዳለ አልተወውም፤ በጾም ቀን አይቡን አስቀርቶ በአትክልት ብቻ የጾም ፒዛ አስጋገረ፤ ፓስታውንም በእንጀራ ጠቅልሎ በላ። እንዲህ ያለው መቀበል የሚያስነቅፍ አይደለም።

የሚያስነቅፈው ሌላ ነው። ፒዛ የበላ ሁሉ የሠለጠነ የሚመስለው፤ ቂጣ የያዘውን ጓደኛውን የሚንቅ፤ ያ ሰው የናፖሊን ድኻ ምግብ በልቶ የራሱን አገር ድኻ ሰደበ ማለት ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እኛ የተወለድነው በበቾ ሜዳ ነው፤ ጤፉ፤ ሽምብራውና ጓያው በደጃችን ይበቅላል። የዚህ ምድር ልጅ በእናቱ ምጣድ ካፈረ፤ ጠላት በጦር መሣሪያ ያላገኘውን እርሱ በፈቃዱ አስረከበ።

እኔም ካፈርሁ በኋላ ተጸጽቼ፤ ባለፈው ወር ከሰበታ አንድ ፒዛ ገዝቼ ለአያቴ ወሰድሁላት። ቈርሳ ቀመሰችና «ይኸማ ቂጣ ነው፤ ቅቤው በአይብ ተለወጠ እንጂ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂጣዬን በግልጥ አውጥቼ እበላለሁ፤ የሚፈልግ ጓደኛ ቢኖርም ቈርሼ እሰጣለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ፒዛውን እንብላ፤ መልካም ምግብ ነው። ስንበላው ግን በምን ዘመንና በማን ደም ላይ ተሻግሮ እንደ መጣ እንወቅ፤ በአጠገባችን ቂጣ ይዞ የተቀመጠውንም በደብተሩ እንዲሸፍን አናድርገው።