ቤተ መጻሕፍት ከከተማው ጋር ይነጋገር

በሣጥን የተቆለፈ መጽሐፍ ከተቀበረ ወርቅ አይለይም። ቤተ መጻሕፍትም በሩን ከፍቶ አንባቢ እስኪመጣ በዝምታ የሚጠብቅ ከሆነ፥ መደርደሪያው ቢሞላም ሥራው ገና ነው እንላለን።

በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በስሙ ሁለት ሥራ ያስተምረናል፤ መጻሕፍትን መያዝና መታሰቢያን መጠበቅ። ድሬዳዋ ሁለቱንም ትሻለች። በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ በገበያዋ አማርኛ፥ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይሰማሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ አጥፍቷል። በባቡሩ የሠሩ አዛውንቶችና ያንን ሌሊት ያዩ እናቶች የሚያውቁትን ሳያጽፉ ቢያልፉ፥ ልጆቻቸው ከማን ይሰሙታል?

ስለዚህ የመጻሕፍቱ ጠባቂ በየሳምንቱ አጭር ጽሑፍ በሦስቱም ቋንቋዎች እያዘጋጀ፥ በማስታወቂያ ሰሌዳም በእጅ ስልክም ለሕዝቡ ያድርስ። የገባውን መጽሐፍ ከማስታወቅ አልፎ «ስለ ባቡር ጣቢያው የምታስታውሱትን ንገሩን» ብሎ ይጠይቅ፤ የተመለሰለትንም በተናጋሪው ፈቃድ መዝግቦ ያኑር። ሰው የራሱ ቃል የተቀመጠበትን ቤት እንደ ቤቱ ይቆጥረዋልና።

እኛ ወላጆችም ጥሪ እስኪደርሰን አንጠብቅ። በዚህ ሳምንት ልጆቻችን አያታቸውን አንድ ነገር ጠይቀው መልሱን በደብተር ይጻፉ፤ ከዚያም ደብተሩን አስይዘን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንውሰዳቸው።