ውሻው ይጮኻል፣ «ማነው?» የሚል ግን የለም

ገሳይና በዙሪያዋ ባሉት የጉና ደጋማ ቀበሌዎች ማታ ውሻ ሲጮኽ ባለቤቱ ጋቢውን ደርቦ ብቅ ይልና «ማነው?» ይላል። ጎረቤት ከሆነ ውሻውን ይገሥጻል፤ የማያውቀው ሰው ከሆነ ዱላውን ያነሳል። ጩኸቱ ብቻውን እንቅልፍ ከመንሳት በቀር ፋይዳ የለውም። ጥያቄውም ያለ ጩኸት አይመጣም፤ ባለቤቱ ተኝቷላ።

ለባንኮች በሚሸጠው የኮምፒውተር ጥበቃ ገበያ ግን ጩኸቱ ከአንድ ሱቅ፣ ጥያቄው ከሌላ ሱቅ ነው የሚገዛው። የደህንነት መከታተያ የሚባለው መሣሪያ ማን ገባ፣ ከየት ገባ፣ ምን ነካ የሚለውን ከየሲስተሙ እየሰበሰበ፣ ያልተለመደ ነገር ሲያይ ደወል ይደውላል። የማንነትና የፈቃድ ማስተዳደሪያ የሚባለው ደግሞ ማን ሠራተኛ እንደሆነ፣ የት እንደተመደበ፣ የትኛውን ሲስተም እንዲነካ እንደተፈቀደለት፣ ፈቃዱን ማን እንደሰጠውና መቼ እንደሚያበቃ ይመዘግባል። ሁለቱም ትልልቅ ንግዶች ናቸው። ከመከታተያዎቹ ስሙ የገነነው ስፕላንክ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በ28 ቢሊዮን ዶላር ለሲስኮ ተሸጧል። ከፈቃድ አስተዳዳሪዎቹ ሴልፖይንት እ.ኤ.አ. በ2022 በ6.9 ቢሊዮን ዶላር ተገዝቶ ከአክሲዮን ገበያ ከወጣ በኋላ፣ በ2025 የካቲት በናስዳክ በኩል ወደ አክሲዮን ገበያ ተመልሷል። ገዢ ሁለቱንም ገዝቶ ሳያገናኛቸው ከቀረ ግን ውሻም ባለቤትም አለው፤ ባለቤቱ ግን ውሻው ሲጮኽ አይሰማም ማለት ነው።

የመገናኘት ትርጉሙ ይህ ነው። «ዩዘር 318 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገብቷል» የሚል ደወል ተደወለ እንበል። ተረኛው ይህን ይዞ ምን ያደርጋል? ሌሊት የሚገባው ዩዘር ብዙ ነው። ደወሉ ከፈቃድ መዝገቡ ጋር ቢገናኝ ኖሮ «ዩዘር 318 የቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ነው፣ ከሰኞ ጀምሮ የዓመት ዕረፍት ላይ ነው፣ የነካውም ባለፈው ዓመት ከተዛወረበት ክፍል የቀረለትን ፈቃድ ይዞ ነው» ይል ነበር። ይህ ተረኛውን ከወንበሩ ያስነሳዋል። መልሱም በዚያው መስመር ይሄዳል፤ መከታተያው ለፈቃድ አስተዳዳሪው «የዚህን ሰው ፈቃድ እስኪጣራ ያዝልኝ» ይለዋል።

ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ጨዋታ የሚመስለው ነጋዴ ካለ የፈረንሳዩን ሶሲዬቴ ዤኔራል ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ዤሮም ኬርቪዬል የሚባል አንድ የባንኩ ተገበያይ ባንኩን 4.9 ቢሊዮን ዩሮ አከሰረው። ሰውዬው ወደ መገበያያው ክፍል ከመግባቱ በፊት የሠራው ግብይት በሚመረመርበት የኋላ ክፍል ነበር፤ ደወሉ የት እንደተሰቀለ ያውቃል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ደወሉ መደወሉ ነው። ባንኩ ራሱ ባካሄደው ምርመራ ከ70 በላይ ማስጠንቀቂያዎች በተለያየ ጊዜና በተለያየ ክፍል ተሰምተው ነበር። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ደወል ለብቻው ሰምቶ፣ ማብራሪያ ጠይቆ፣ የተሰጠውን አምኖ ዘጋ። ሁሉንም በአንድ ሰው ስም ላይ ደምሮ «ይህ ልጅ ማነው? ከየት መጣ? ይህን እንዲያደርግ ማን ፈቀደለት?» ያለ አልነበረም። የህንዱ ፑንጃብ ናሽናል ባንክም እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ማጭበርበር ሲያጋጥመው፣ የክፍያ መልእክት የሚልከው ሲስተም ከዋናው የሂሳብ መዝገብ ጋር ያልተገናኘ መሆኑ ታውቋል።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ፣ የመጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ከነጋዴው አእምሮ ገና አልጠፋም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ፣ ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ያወጡና ያዘዋወሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ባንኩ በኋላ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ያደረሰውን ገንዘብ ወሰዱ። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነው ብሏል፤ ስለዚህ ጉዳዩን በሠራተኛ ፈቃድ ላይ ማላከክ ተገቢ አይሆንም። ለገበያው የሚጠቅመው ትምህርት ያለው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል። የተመለሰውም እያንዳንዱ ብር ከአንድ ስም ጋር ታስሮ ስለተገኘ ነው። ባንኩ ያልመለሱትን ስምና ፎቶግራፍ ይፋ እስከማድረግ ሄዷል። «ማነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው ማለት ነው። በባንኮች ሁሉ ከመስኮቱ ውጪ ለቆመው ደንበኛ እንዲህ የተገኘው መልስ፣ ከመስኮቱ ውስጥ ለተቀመጠውስ በዚያው ፍጥነት ይገኛል ወይ? ባለአክሲዮን ሊጠይቀው የሚገባው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ ሻጭ የማያውቀው ችግር አለ። መሣሪያዎቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። የኢትዮጵያዊ ስም ግን በሠራተኛ አስተዳደር መዝገብ በአማርኛ፣ በባንኩ ሲስተም በላቲን ፊደል ይጻፋል። ፀሐይ የምትባል ሠራተኛ በአንዱ ሲስተም በ«ቲ» ትጀምራለች፣ በሌላው በ«ኤስ»። ገብረ ማርያም አንዱ ጋ አንድ ቃል ነው፣ ሌላው ጋ ሁለት ቃል፤ ሦስተኛው ጋ ደግሞ «ማርያም» የአባት ስም ሆና ቁጭ ትላለች። በዚህ ላይ አበበ ከበደ አንድ ሰው አይደለም። በስም አገናኛለሁ ያለ ባንክ የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ ይለጥፋል። መገናኘት ያለበት በሠራተኛ ቁጥር ነው፤ ወይም በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ባገኘው የፋይዳ ቁጥር።

ሰዓቱም እንደዚሁ ያስቸግራል። ሠራተኛው «ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁ» ሲል ኮምፒውተሩ 2 ሰዓት ብሎ መዝግቧል። የዕረፍት ፈቃዱ ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 5 ከሆነ በመካከል ጳጉሜን አለች፤ እሷን የማያውቅ ሶፍትዌር ቀኑን አሳስቶ ቆጥሮ ሠራተኛውን ወይ ቀድሞ ያስገባዋል ወይ ሥራ ላይ ሳለ ይዘጋበታል። (ይህን የሚያስተካክለው ከሻጩ ጋር የመጣው ባለሙያ ሳይሆን የባንኩ የራሱ ልጅ ነው፤ ደመወዙ ግን በዚያ ልክ ሲሆን አይታይም።)

መዝጋቱን ለማሽን መስጠትም የራሱ ጣጣ አለው። የገሳይ ድንች ነጋዴ በገበያ ቀን መኪና አስጭኖ፣ ለገበሬው የሚከፍለውን ገንዘብ ደብረ ታቦር ካለ ቅርንጫፍ ሊያወጣ ቆሟል እንበል። ከፍ ያለውን ገንዘብ የሚያጸድቀው ሥራ አስኪያጁ ነው። በዚያች ሰዓት መከታተያው የሥራ አስኪያጁን አገባብ አልወደደውምና ፈቃዱን ያዘው። ባንኩ «ጥንቃቄ ነው» ይላል። ድንች ግን አይጠብቅም፤ ሾፌሩም ለቆመበት ያስከፍላል። ስለዚህ ማሽኑ በራሱ እንዲዘጋ ሊፈቀድለት የሚገባው ግልጽ በሆነው ብቻ ነው፤ ሥራ የለቀቀ ሰው ሲገባ፣ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ሲያጸድቅ፣ አንድ ሰው ራሱ መዝግቦ ራሱ ሲያጸድቅ። በሌላው ላይ ደውሎ ሰው ያንቃ፤ ሌላ አጽዳቂም በአቅራቢያው ይኑር።

መስመር ሲቋረጥስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደነበር የደቡብ ጎንደር ነጋዴ አይረሳውም። ቅርንጫፉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚገናኝበት መስመር ለአንድ ቀን እንኳ ቢጠፋ፣ የተሰረዘው ሠራተኛ ፈቃድ በቅርንጫፉ ኮምፒውተር ላይ ተሰርዟል ወይስ አሁንም ይሠራል የሚለው መታወቅ ያለበት አስቀድሞ ነው። በዕቁብ ገንዘብ ያዡ ሌላ ጸሐፊው ሌላ የሆኑት ሁለቱም ሳይስማሙ ገንዘቡ እንዳይነካ ነው። ጸሐፊው ሲቀር ገንዘብ ያዡ ብቻውን ይክፈል ያለ ዕቁብተኛ አልተሰማም።

ይህ ሁሉ አሁን የገበያ ጉዳይ ሆኗል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ወጋገን ባንክን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ አድርጎ ሥራ ጀምሯል። በዚያው ዓመት የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የባንክ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ትርፍ ድርሻውንና የተበላሸ ብድሩን ይጠይቃል፤ ጥሩ ነው። አንድ ሠራተኛ የመልቀቂያ ደብዳቤ ካስገባበት ሰዓት አንስቶ የመጨረሻው ፓስወርዱ እስኪዘጋ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚያፋጥጥ ባለአክሲዮን ግን ያስፈልጋል። «ወዲያው ነው» የሚል መልስ አይበቃም፤ ባለፈው ሩብ ዓመት የለቀቁትን በቁጥር ያሳዩ።

ድለላ ላይ የሚሠሩት አነስተኛ ድርጅቶች በቢሊዮን የሚገመት መሣሪያ እስኪገዙ መጠበቅ የለባቸውም። ሃያ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ማን ምን እንዲነካ እንደተፈቀደለት በአንድ ሉህ ላይ ጽፎ፣ በየሳምንቱ ከመግቢያ መዝገቡ ጋር ቢያስተያይ ግማሹን ሥራ ሠራ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ከግዢው በፊት የሚጠብቃቸው ሥራ ይኸው ነው፤ ባለቤት የሌላቸውን ዩዘሮች መልቀም፣ የሁለት ስሞችን አንድ ሰውነት ማረጋገጥ፣ የተዛወሩትን የድሮ ፈቃድ ማንሳት። ሁለቱን መሣሪያዎች ለማገናኘት የሚፈጠረው ዩዘር ራሱ የብዙ ሰው ፈቃድ የመዝጋት ሥልጣን ስላለው፣ እሱንም በስም የሚጠየቅበት ሰው መመደብ። ወራት የሚፈጅ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሻጩም በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይጽፈውም።