ስልኬን «እንካ» ያልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ ስልኬን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ስክሪኑን ሰበረው። 7 ዓመቱ ነው። ከእጁ ልቀበለው ስል «አልሰጥም!» ብሎ ጮኸ፣ በእርግጫ አለኝ፣ ከዚያ ወረወረው። እማዬ ከማድቤት ወጥታ «እኔ እኮ ብያለሁ፣ ይሄ ልጅ ቅጣት ይጎድለዋል» አለች። ከታች ያሉት ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምተው መጡና «ጠበል ውሰዱት» አሉን። እናቱ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች።

እኔ ያሰብኩት የስክሪኑን ዋጋ ነበር፤ አልዋሽም።

ማታ ግን ሌላ ሂሳብ መጣብኝ። (ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው በሽታው ይሄ ነው፤ ሁሉንም ነገር «ማን ምን አተረፈ?» ብሎ ያያል።) ልጁ ስልክ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ «አይሆንም» እላለሁ። ያለቅሳል። አሁንም አይሆንም። ይጮሃል፣ በር ይደበድባል። ሥራ ላይ ከሆንኩ ወይ ኳስ እያየሁ ከሆነ «እሺ በቃ፣ እንካ!» እላለሁ። ቤቱ ፀጥ ይላል። እሱ ስልክ አገኘ፣ እኔ ሰላም አገኘሁ። ሁለታችንም ተከፍሎናል። በማግስቱ ያንኑ ብንደግመው ምን ይገርማል?

ይህን እኔ አልፈለሰፍኩትም። ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ቁጡ ልጆች ያሉባቸውን ቤተሰቦች ቤታቸው ድረስ እየሄደ ካጠና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር የገለጸው ዑደት ነው። ልጁ ይገፋል፣ ትልቁ ሰው ይሸነፋል፣ ጩኸቱ ይቆማል፣ ሁለቱም ትምህርት ይወስዳሉ።

የባሰው ደግሞ አንዳንዴ ብቻ መሸነፋችን ነው። ሰፈራችሁ ያለውን የቤቲንግ ቤት አስቡት። ሁሌ የሚከስር ሰው አንድ ቀን ይተወዋል፤ የሚያመላልሰው ያቺ አልፎ አልፎ የምትገባለት ትኬት ናት። ሰኞና ማክሰኞ እምቢ ብለነው ረቡዕ «እንካ» ያልነው ልጅ የሚማረው ረዘም አድርጎ መጮህን ነው።

ዱላስ? «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። እኔም ተገርፌያለሁ። ቀበቶው ምን ዓይነት እንደነበር ዛሬም አስታውሳለሁ፤ በምን ጥፋት እንደሆነ ግን ጠፍቶብኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ስለ ቤት ግን እዚያ ላይ አያነሳም። ቤት ውስጥ እኛ «ሰው አትማታ» እያልን እንመታዋለን።

ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈነዳው ከትምህርት ቤት እንደመጣ፣ ርቦት እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባን። አሁን መጀመሪያ ዳቦ በሻይ ይበላል። ስልክ የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ 11 ሰዓት ላይ፣ ለ30 ደቂቃ። ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው እነግረዋለሁ፤ ድንገት መንጠቅ የለም። ሲጮህ ምክር አልሰጥም፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት የሚሰማ ጆሮ የለውም። የሚሰበር ነገር አነሳለሁ፣ ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ተናደሃል፣ አውቃለሁ። ስልኩ ግን ነገ ነው» እላለሁ። ሌላው ወሬ ሲረጋጋ ነው። ሳይጮህ የመለሰልኝ ቀን ደግሞ «ጎበዝ» ብቻ ብዬ አላልፍም፤ «እየተናደድክም ቢሆን ሳትወረውር መለስክ» እለዋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከበፊቱ የባሰ ነበር። አንድ ቀን 40 ደቂቃ አለቀሰ። ለካ የለመደው ነገር ሲቀርበት ልጅ መጀመሪያ ጩኸቱን ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሰው «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። በአራተኛው ቀን እማዬ «እንባው አሳዘነኝ» ብላ የራሷን ስልክ ሰጠችው። ወደ ዜሮ ተመለስን።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ስለ ልጅ ቁጣ የሚሰጠው ምክር ሁሉ «እናት ትታገስ» ነው። እህቴ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥታ ማታ 1 ሰዓት ትገባለች፤ ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ትዕግስት ከየትም አይመጣም፣ ያልቃል። ቀኑን ሙሉ ቤት ያለነው፣ ቻርጅ ላይ ተጥደን የምንውለው እኛ ነን። ታናሽ ወንድም ወይ የእህት ልጅ ያላችሁ፣ ዝም ለማሰኘት ስልክ የምታቀብሉት እናንተም ናችሁ። «ምን ዓይነት ባለጌ ነው?» ከማለታችን በፊት ማን እንዳሠለጠነው እንጠይቅ።

ልጁ ራሱን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ከሆነ፣ ወይ ቤትም ትምህርት ቤትም ለወራት ከቀጠለ ግን በእንዲህ ዓይነት የቤት ዘዴ ብቻ አትቆዩ፤ ሐኪም ይየው። ከቁጣ ጀርባ የእንቅልፍ ችግር፣ የመስማት ችግር፣ ኤዲኤችዲ ወይም የሚያስፈራው ነገር ሊኖር ይችላል። ጠበል የሚወስዱትም ቢሆኑ፣ ሐኪም ቤትም ይሂዱ።

ትናንት ሰዓቱ አልቆ ስልኩን ስቀበለው ጫማውን አውልቆ ወረወረ። ጫማውን ነው፣ ስልኩን አይደለም። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ሄዶ አነሳውና «ጋሼ፣ ነገ 11 ሰዓት አይደል?» አለኝ። እማዬ አሁንም ከረሜላ በድብቅ ታቀብለዋለች፤ እሱን ገና እየተደራደርን ነው።